አልቆ ያላለቀው ተሳቢ

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ውስጥ ፋሂምን በቀርፋፋነት የሚያማ ሰው ካለ፣ ያ ሰው በር አሠርቶ የማያውቅ ነው። ፋሂም ለማክሰኞ የቀጠረውን ሰኞ የሚያስረክብ በያጅ ነበር። «ነገ ና» የእጅ ባለሙያ ሁሉ ሰላምታ በሆነበት አገር፣ እሱ ቀድሞ ደውሎ «አልቋል፣ ውሰዱ» ሲል ደንበኛው ይደነግጥ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንዲት አሮጌ ተሳቢ ይዞ አልጨርስ ያለው።

ተሳቢዋ በነሐሴ ዝናብ አይሱዙ ላይ ተጭና መጣች። ጎማዎቿ በስብሰዋል፣ የወለሏ ላሜራ በዝገት ተበሳስቷል። ከጋቢና የወረደችው ልጅ ጃንጥላ አልያዘችም፤ የሂጃቧን ጫፍ አገጯ ሥር ወሸቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይቺን ጫካ የምትገባ አድርገህ ትሠራልኛለህ?»

ፋሂም ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ጥግ ላይ ጭድ አለ፤ ጭዱ ላይ እንቁላል ተቀምጧል።

«ማን ነበር የሚጠቀምባት?»

«እስካሁን ዶሮ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፋሂም ያንን ነገር ደግሞ ማየት ፈለገና «ትሠራለች» አላት። የተሳቢዋን ሻንሲ ገና አላየውም ነበር።

ሩፈይዳ ትባላለች፤ የሰቃ ልጅ ናት። አባቷ ካረፉ ወዲህ የቡና ጫካቸውን የምትይዘው እሷ ነች። ተሳቢዋም፣ የምትጎትታት ፒክአፕም የአባቷ ነበሩ። ጫካው ከወንዝ ማዶ ነው፤ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው። እሸት ቡና ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ማንም አይቀበለውም። ባለፈው ዓመት በሰው ትከሻ ሲወጣ ብዙው መንገድ ላይ ቦካ። ያኔ አጎቷ ሙሐዲን «ጫካውን ለእኔ ተዉት፤ ሴት ልጅ ጭቃ ለጭቃ ምን ያንከራትታታል?» አሉ። እናቷ አዴ ዘይቡ «ዘንድሮን ብቻ ታገሡን» ብለው ለመኗቸው።

«ዘንድሮ ከቦካ ጫካው የአጎቴ ነው» አለች ሩፈይዳ። «እኔም ቤት እቀመጣለሁ።»

«አብሽሪ፣ አይቦካም» አላት ፋሂም።

ሥራው ጣፈጠው። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አዙሮ ሲያስረው ተሳቢዋ ከመሬት ከፍ አለች። የፒክአፑን ዓይነት ጎማ ገጠመላት፤ ስፋቷንም ከፒክአፑ ጋር አስተካከለው፤ መኪናው የረገጠውን ዱካ እሷም እንድትረግጥ። ከመኪናው ጋር የሚያገናኛትን ጋንቾ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር አደረገው፤ ተሳቢዋ ብትጋደም እንኳ መኪናውን ይዛ እንዳትወድቅ።

ሩፈይዳ ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ጅማ ስትመጣ ወደ እሱ ጎራ ትላለች። መጀመሪያ ቆማ ታይ ነበር። ቆይታ የቆርቆሮ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ከዚያ ብሩሽ ተቀብላ ዝገቱን ራሷ መፋቅ ጀመረች።

«ጎኗን በላሜራ ልዝጋው?» አላት አንድ ሐሙስ።

«ወላሂ እንዳታደርገው! በሽቦ ነው የሚሆነው። ቡናው መተንፈስ አለበት።»

«ቡና ይተነፍሳል እንዴ?»

«ትንፋሽ ሲያጥረው አይደል የሚቦካው! አንተስ ታፍነህ አታውቅም?»

ፋሂም ያን ሰዓት ታፍኖ ነበር። የዝገት ብናኝ ሽፋሽፍቷ ላይ አርፏል፤ እንዳይጠርግላት እጁ ግራሶ ነው። እሷም ቀና ስትል ዓይኑን አገኘችውና ወደ ብሩሿ ተመለሰች።

ተሳቢዋ ጥቅምት ሳይገባ አለቀች። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ ግቢው መሃል ስትቆም አላፊ አግዳሚው ገባ እያለ አያት። ፋሂምም አያት። ይቺ ተሳቢ ከዚህ ግቢ ከወጣች፣ የሰቃ ልጅ በያጅ ቤት ምን ትሠራለች?

ሐሙስ መጣ። «አለቀች?» አለች ሩፈይዳ።

«የጋንቾው ብየዳ አላማረኝም» አለ ፋሂም፤ መሬት መሬት እያየ። «ለሚቀጥለው ይሁን።»

«ቶሌ። አንተ ካልክ እሺ።»

በሚቀጥለው ኩሽኔታው ድምፅ አለው አለ። በሚቀጥለው ቀለሙ አልደረቀም አለ። ጎን ለጎን በአንድ ግቢ የሚሠሩት አናጢው ጋሽ ኤርሲዶ፣ መላጊያቸውን አስቀምጠው አዩት።

«ልጄ፣ ያንን ጋንቾ ፈትተህ ገጠምከው፣ ገጥመህ ፈታኸው። ብረቱ ራሱ ‹ንገራትና ልረፍ› እያለህ ነው።»

«ምን ልበላት ጋሽ ኤርሲዶ? እሷ የእርሻ ባለቤት ነች፣ እኔ ግድግዳ ተከራይቼ የምበይድ።»

«ጌታ ይርዳህ። አፍህንም ብትበይደው ይሻላል፤ ቢያንስ ውሸቱ ይቀራል።»

አልሰማቸውም። አፍቃሪና ደንቆሮ አንድ ናቸው።

ዘንድሮ ቡናው ቀድሞ ቀላ። ሩፈይዳ ሐሙስ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ ሰኞ ቀትር ላይ ፒክአፑን እየነዳች መጣች። ፋሂም ዙሁር ሰግዶ ሲመለስ ተሳቢዋን ከመኪናው ጋር እያያያዘች አገኛት። ጋሽ ኤርሲዶ እንጨታቸው ላይ አጎንብሰዋል። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ ሲጠየቁ አይዋሹም።

«መቼ ነው ያለቀችው?» አለች፣ ሳትዞር።

ፋሂም ጋንቾውን ሊያግዛት ጎንበስ አለ።

«ፋሂም፣ ትናንትና የለቀምነው እዚያው ጫካ ውስጥ ቦካ። ሰው በሸክም አላደረሰውም። አጎቴ ቆመው አዩኝ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ዝም ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ ‹የጅማው በያጅ ጨዋ ነው፣ ሥራው ስላልጠራ ነው› እያልኩ ስከላከልልህ። መቼ ነው ያለቀችው?»

«ካለቀች ቆየች።»

«ለምን ታዲያ?»

«ካለቀች አትመጪም ብዬ ነው።»

እጇ ጋንቾው ላይ ቆመ። ፊቷ ቀላ፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ ፋሂም ሊለየው አልቻለም።

«ቡናዬን አቡክተህ ነው እኔን ልታገኝ ያሰብከው?» አለች በቀስታ። «አፍ አልነበረህም?»

መኪናዋን አስነስታ ወጣች። ፋሂም ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ይወዳት ነበር፤ የወደደውን ሰው ደግሞ ከማንም አስበልጦ የጎዳው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሲያስብ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ ማለዳ የሰቃ ሚኒባስ ላይ ነበር። እየጠየቀ ጫካው ደረሰና ማንም ሳይጠራው ጆንያ ተሸከመ። ሩፈይዳ አየችው፤ ሂድም ናም አላለችውም። ከሰዓት በኋላ ተሳቢዋ ቀይ ቡና ጢም ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። መሪውን የያዘችው ሩፈይዳ ነች፤ ፋሂም ከኋላ በእግሩ ይከተላል። አጎቷ ሙሐዲን ማዶ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

ወንዙ መሃል የተሳቢዋ አንድ ጎማ ጉድጓድ ገባ። ተሳቢዋ ክፉኛ ተጋደመች፤ ለቃሚዎቹ ጮኹ። ፋሂም ዘሎ ገባና ትከሻውን አስደገፈ። «አታቁሚ! ቀስ ብለሽ ንጂ!» አላት። ጋንቾው ዞረ፤ ፒክአፑ ግን ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ጎተተ። ጎማው ድንጋይ ነከሰ፣ ተንደረደረ፣ ወጣ። ፋሂም እዚያው ውኃ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ።

ሲነሣ ሩፈይዳ ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ታይ ነበር። ያ መጀመሪያ ቀን ብልጭ ብሎ የጠፋው ነገር፣ አሁን ፊቷን ሁሉ ሞልቶት ትስቅ ነበር።

ያን ቀን ቡናው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማጠቢያ ጣቢያ ደረሰ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ደረሰ። ሙሐዲን ስለ ጫካው ሁለተኛ አላነሡም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ያ ውኃ ውስጥ የወደቀው ልጅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ለቀማው ሲያልቅ ፋሂም አንድ ሐሙስ ሽማግሌ ላከ። ሁለት የመስጊድ አባቶች፣ ሦስተኛው ጋሽ ኤርሲዶ ነበሩ። ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ወግ ነው። ሙሐዲን «እንመካከር፣ ሐሙስ ተመለሱ» አሉ። ተመለሱ፤ ደግሞ ሐሙስ ተባለ። ሩፈይዳ ስልክ ደወለች።

«አጎቴ አይደሉም ቀኑን የሚያስረዝሙት። እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግኩ?»

«መጠበቅ ምን እንደሆነ እወቀው ብዬ።»

«ሐቅ ነው» አለ ፋሂም። «እስከፈለግሽው ሐሙስ እጠብቃለሁ።» ስልኩን ሲዘጋ ደስ ብሎት ነበር፤ የሚያስጠብቅ ሰው አልተወውም ማለት ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ፋሂም እንደ ወጉ ደጅ ቀረና በመስኮቱ ሥር ቆመ። ሙሐዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ መልካም ነው። ግን ገና ዘመድ ይሰማ። የሚመጣው ሐሙስ...»

«አጎቴ!»

ድምፁ ከጓዳ ነበር።

«ማሎ አጎቴ፣ እባክዎ በቃ ዛሬ ይሁን። እኔ ራሴ ሐሙስ ድረስ አልቻልኩም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው። አዴ ዘይቡ «ያ አላህ፣ አዋረደችኝ!» እያሉ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር። ሙሐዲን እንደ ምንም ኮስተር ለማለት ሞከሩና አቃታቸው። «እንግዲያስ ሰጥተናል፤ ፋቲሓ እንቅራ» አሉ።

ፋሂም ከደጅ ሆኖ እጆቹን ዘረጋ። «አሚን» ሲባል ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነው፤ ከጓዳ ስትስቅ ሰማት።