የእሑዱ ጓንት

ወፍ ቆጣሪው በሞተ በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ የባሕር ዳርቻው ጣቢያ መጣች። ዘበኛው በሩን ከፍቶላት ወደ ጥግ ሸሸ። ሰላምታ በአገጩ ብቻ የሚሰጠው ኃላፊ ወንበር ሳበላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«የገደለው የወፍ ጉንፋን ነው» አለች። «ከመሞቱ ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ ጫጩቶች እግር ላይ ቀለበት ሲያስር ያዘው። ለምን በባዶ እጁ ነካቸው?»

«ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበራ!» አለ የጀልባው ቀዛፊ። «ነጭ ከሆነ ወፎቹ ደኅና ናቸው። ቀለበቷ እንደ ክር የቀጠነች ናት፣ በጓንት አትያዝም። የሞተ ወፍ ሲገኝ ነው ቀዩ ወጥቶ ጓንት የሚጠለቀው።»

«ቀዩ መቼ ወጣ?»

«የዚያው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት» አለ ዘበኛው። «የሞቱ አየሁ፣ ሰቀልኩ።»

«ከዚያ በፊት ያየ የለም?»

ኃላፊው «የለም» አለ። ቀዛፊው «ዓይኔ ይጥፋ!» ብሎ ማለ። ዘበኛውም «የለም» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

መርማሪዋ አካፋ ይዛ ወጣች። ዘበኛው በመስኮት እርምጃዋን ተከተለ። ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ከአሸዋው ሥር ዐሥራ አንድ ወፍ አወጣሁ። ከረቡዕ ወዲህ የሞተ ሁሉ በትእዛዝ ተቃጥሏል። ስለዚህ እነዚህ የተቀበሩት ከዚያ በፊት ነው። የቀበራቸውም በሽታውን የሚፈራ ሰው ነው፤ ጓንት አጥልቋል።» የዕቃ መውጫውን ደብተር ገለጠች። «እሑድ፣ ከሰኞው አንድ ቀን በፊት፣ አንድ ጥንድ ጓንት ወጥቷል። ስም የለውም፤ አንድ ቃል ብቻ። ‹ጋንት›።»

ቀዛፊው ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። ሟቹ በዚህ የፊደል ስሕተት ተሳልቆ ያወጣው ቅጽል ስም ነበር። ዓመቱን ሙሉ «ጋንት መጣ፣ ጋንት ሄደ» ሲባል ኖሯል።

«ኃላፊው ፊደል አይስቱም። ቀዛፊው በጣቱ ነው የሚፈርመው።» ወደ ዘበኛው ዞረች። «ታዲያ አባባ፣ መደበቅ ከፈለጉ ለምን ጻፉት?»

ዘበኛው ጫማውን አየ። «የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሳልጽፍ ነክቼ አላውቅም።»

ባርኔጣውን አወለቀና ቀጠለ።

«አምና የሞተች ወፍ አይቼ ለሟቹ ብነግረው፣ ‹ጋንት ወፍ ሞተችበት፣ ኑ ለቅሶ እንድረሰው!› ብሎ አሳቀብኝ። እሳቸውም ስቀዋል።» ኃላፊው ዓይኑን ሰበረ። «ዘንድሮ ብናገር ይስቃል፤ ብተዋቸው ለምን አላየህም እባላለሁ። ቀበርኩና አረፍኩ። ረቡዕ ግን ከአካፋ በላይ ሆኑ። ሰኞ ጀልባው ላይ ሲወጣ እጁን አይቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ባዶውን። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር…»

«እስር ሊኖረው ይችላል። ይህንኑ በእጅዎ ይጻፉልኝ» አለችና ወረቀት አቀረበችለት።

ጎንበስ ብሎ ጀመረ። እሑድ የሚለው ላይ ደርሶ፣ አለፈ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

«በ‹ጓ› ነው… አይደል?» አለ ቀና ሳይል።

ማንም አልሳቀም። የሚስቅበት ሰው ተቀብሯል።