ከእማዬ የተላከ ጭኮ

በኦሳካ ባቡር ጣቢያ ሰው ከሰው ሲጋጭ ይቅርታ የሚጠይቀው ወለሉ ነበር። የወይንሸት ሻንጣ የአንድ ሽማግሌ እግር ሲገጭ፣ ወለሉ በለዘበ የሴት ድምፅ በጃፓንኛ ይቅርታ ጠየቀና በአማርኛ ደገመው።

«ጥፋተኛዋ እኔ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች ጎንበስ ብላ።

ታናሽ ወንድሟ ምንተስኖት በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። አገላብጣ ሳመችው። ጉንጩ ቀዝቅዟል፤ ብርዱ ነው ብላ አለፈችው። ከደሴ ድረስ የመጣችው ለሽርሽር አይደለም። እናታቸው ታመዋል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡም። ልጁ ደግሞ በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ይቀራል። እማዬ ዓይኑን ሳያዩ እንዳይሞቱ፣ ጆሮውን ይዛም ቢሆን ልትወስደው ቆርጣለች።

መንገዱ ሕዝብ በሕዝብ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። ፎቆቹ ሰማዩን ዘግተውታል፣ መብራቱ በቀትርም አይጠፋም። ያ ሁሉ ሰው አረንጓዴ እስኪበራ ተገትሮ ሲቆም ማንም ማንንም አያይም። የብዙዎቹ ማጅራት ላይ ትንሽ ሰማያዊ መብራት አለች።

«ምንድን ናት እሷ?»

«ምትኮች ናቸው፣ እትዬ። እዚህ ሰው አልቋል። አንዱ ሊሞት ሲል መልኩን፣ ድምፁንና ትዝታውን ለማሽን ያወርሳል። ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል።»

«በስመ አብ! ለቅሶውስ?»

«ለምን ይለቀሳል? ወንበሩ ባዶ አልሆነ።»

ወይንሸትን ከተማው ገና ሳትለምደው አስጠላት።

ምሳ ቤት ገብተው የኑድል ሾርባ ለእሷ ብቻ አዘዘ። እሱ በልቻለሁ አለ። በልቻለሁ ብሎ ነገር! እማዬ የላኩትን ጭኮ ከቦርሳዋ አውጥታ ቆንጠር አደረገች።

«በሞቴ!» ብላ አጎረሰችው።

አላኘከውም፣ አልዋጠውም። አፉ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ። ከሹራቡ አንገትጌ ሥር ተደብቃ የነበረች መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ወለሉ ይቅርታ ጠየቀ።

ወይንሸት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። ማሽኑ ቀስ ብሎ ጭኮውን በሶፍት ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ነገ ጠዋት ልነግርሽ ነበር» አለ በወንድሟ ድምፅ። «ሳንባው አልድን ሲለው አደራ ብሎኛል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ከቤተሰብ ሰው በአካል እስኪመጣ ጠብቅ፣ መጥቶም ሳይበላና ሳያርፍ እንዳትነግር አለኝ። ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጠበቅሁ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትዋሸን!»

ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ተመጋቢዎቹ ዞረው አዩዋት። በዚያ ከተማ ለምንተስኖት ያለቀሰ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ስልኳ ጠራ።

«ልጄን አገኘሽው?» አሉ እማዬ። «ጭኮውን በላልኝ?»

ደሴ፣ ቤት ውስጥ፣ አጠገባቸው ማንም የለም። ደግፎ የሚይዛቸው፣ አብሯቸው የሚያለቅስ የለም። ወይንሸት እንባዋን ጠርጋ ስልኩን በእጇ አፈነችና ወደ ማሽኑ ዘረጋችው።

«አናግራት።»

ማሽኑ እጁን አልዘረጋም። «አደራዬን ጨርሻለሁ፣ እትዬ። ከእንግዲህ በማን ትእዛዝ ልዋሽ?»

«በእኔ።»

ስልኩን ተቀበላት። «እማዬ፣ እጅሽ እንደ ድሮው ነው፤ በጣም ይጣፍጣል» አለ። እማዬ በደስታ ሲስቁ ተሰማ።

ወይንሸት ሶፍቱ ላይ የቀረችውን ጭኮ አነሳች። ውሸቱ ትንሽ እንኳ ቢቀል ብላ፣ ራሷ በላቻት።