የተበላሸችው የጠዋት ናሙና

ተስፋሚካኤልን መጀመሪያ ያየሁት አጎንብሶ የማተሚያ ፕሌት ሲያጥብ ነው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ብሩሹ ከእጁ አመለጠና ሳሙናማው ውሃ ጫማዬን አራሰው።

«ውይ፣ ይቅርታ! አዲሷ የጥራት ተቆጣጣሪ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ጫማዬን ግን እጠብልኝ ያለህ የለም።»

ሳቀ። እኔ ኮስተር አልኩ፤ ልቤ ግን ቀድማኝ ስቃ ነበር።

ቂሊንጦ ያለው ፋብሪካችን የብስኩትና የፓስታ መጠቅለያ ያትማል። ጽሑፉና ሥዕሉ መጀመሪያ ጎማ በሚመስል ፕሌት ላይ ይወጣል። ፕሌቱ ዩቪ በሚባል ኃይለኛ መብራት ሥር ይቀመጣል፤ ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፣ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ብርሃኑ ካነሰ ትንንሾቹ ነጥቦችም አብረው ይታጠባሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አንዲት ትንሽ ቁራጭ ለናሙና ትሠራለች። ደህና ከሆነች ፕሌት ሠሪው ተስፋሚካኤል ፎቶዋን በስልክ ይልክልኛል። ከተበላሸች ግን ራሴ ሄጄ፣ ሌላ ሲሠራ ቆሜ አያለሁ።

እና ያቺ ቁራጭ በየቀኑ ትበላሽ ጀመር!

«ኢፍቱ፣ ዛሬም ነጥቦቹ ጠፍተዋል» ይለኛል ደውሎ።

እሄዳለሁ። እኔ ቆሜ የምትሠራው ሁለተኛዋ ቁራጭ ሁልጊዜ ደህና ትወጣለች። እስክትደርስ እናወራለን። እሱ የአቃቂ በሰቃ ልጅ ነው፤ አባቱ ባቡር ላይ ሠርተዋል። እኔ ደግሞ የዚሁ የቂሊንጦ ሰው ነኝ።

«ይሄ ፋብሪካ የቆመበት መሬት ላይ አያቴ ምስር ይዘሩ ነበር» አልኩት አንድ ቀን።

«እንግዲያው እኛ እንግዶችሽ ነን!»

«ደህና እንግዳ የሰው ጫማ አያርስም።»

ሁለተኛዋን ቁራጭ አንስቶ አሳየኝ። «አንቺ ስትመጪ ሁሉም ነገር ይስተካከላል...»

«እኔ አይደለሁም፤ መብራቱ ነው። አንዴ ይደክማል፣ አንዴ ይበረታል።»

የምሬን ነበር። መብራቶቹ እስኪቀየሩ ፕሌት እንዳይሠራ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሰቦቃ አመለከትኩ። አመኑኝና ክፍሉን ዘጉት። የደንበኛ ሥራ ቆመ። ቴክኒሻን ተጠርቶ መብራቶቹን አንድ በአንድ ለካ። ሁሉም ጤነኛ ናቸው።

አቶ ሰቦቃ ቢሯቸው አስጠሩኝ። «የሙከራ ጊዜሽን እንኳን አልጨረስሽም፣ ልጄ። በሌለ በሽታ ፋብሪካ ያስቆመን ሰው እንዴት ብዬ ቋሚ ላድርግ?»

ይህን ሥራ ያገኘሁት ብዙ ደጅ ጠንቼ ነው። ያን ሁሉ ጠዋት በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ተጠራጠርኩ።

በሩ ተንኳኳ። ተስፋሚካኤል ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለ። «ቁራጯን ሆን ብዬ ከመብራቱ ሥር ቶሎ አወጣት ነበር። የሥራ ፕሌት ላይ ግን እንዲህ አድርጌ አላውቅም።»

«ለምን ሲባል?» አሉ አቶ ሰቦቃ።

«ደህና ከሆነች ፎቶ ነው የምልክላት። ከተበላሸች... ራሷ ትመጣለች።»

አቶ ሰቦቃ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። መለኪያውን ይዞ ጥግ የቆመው ቴክኒሻን ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ተስፋሚካኤል ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ።

«ኢፍቱ፣ ስሚኝ...»

«ሻይ እንጠጣ ማለት አቅቶህ ነው?»

«ፈራሁ። እምቢ ብትዪኝስ?»

«እምቢ ካልኩ እምቢ ነው! እንጀራዬን ግን አታሳጣኝም ነበር። ተስፍሽ፣ የእኔ ሥራ ያችን ቁራጭ ማመን ነው። እሷ ከዋሸችኝ ምን ልመን? አንተንስ እንዴት ልመን?»

መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለካ የሚወዱት ሰው ሲዋሽ ከአለቃ ቁጣም በላይ ያማል።

እሱ ተቀጥቶ የታተመው መጠቅለያ ጥቅል ወደሚቆረጥበት ክፍል ተዛወረ። እኔ ቋሚ ሆንኩ። አዲሱ ፕሌት ሠሪ ሙህሲን በየጠዋቱ የንጹሕ ናሙና ፎቶ ይልክልኛል። ሥራዬ ሰላም ሆነ፤ እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ስልኬን አይቼ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው መሆናቸውን አረጋግጬ፣ ቅር ይለኛል። እንደዚህ ያለ ጥራት ተቆጣጣሪ አለ?

ተስፋሚካኤል አልለመነኝም፣ ሰው አልላከብኝም። ሰርቪስ ውስጥ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ ከዚያ በመስኮት ያያል። አንድ ቀን ግን የተቆረጠ ጥቅል ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ምላጩን ተሳስቼ አጣምሜ ነው ያሰርኩት። ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል፤ እንዳታሳልፊው።»

በማጉያ እንኳን ብዙ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ዝም ቢል እኔም አላየውም ነበር። አለቃው ሰው ፊት ጮኸበት፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማና ሥራውን እንደገና ጀመረ። የዚያን ዕለት ንዴቴን ብፈልገው አጣሁት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መቁረጫ ክፍል ሄድኩ። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሳ።

«ምነው? ጥቅሉ ችግር አለው?»

«የለውም።»

«ማሽኑ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ተበላሽቶ መጣሽ?»

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «ናፍቀኸኝ ነው።»

ጓንቱን ለማውለቅ ታገለ፤ አንዱ እጁ ላይ ቀረ።

«ኢፍቱ... እወድሻለሁ።»

«ፋብሪካው በሙሉ ከሰማ በኋላ ነው የምትነግረኝ?»

«በመጀመሪያው ቀን ነበር ልነግርሽ የሚገባኝ...»

«እኔም እወድሃለሁ» አልኩት፤ ጓንት ያልወለቀለትን እጁን ይዤ።