በአባቴ ካርድ ላይ የነበሩት ሁለት እጆች

ይሄን ከጭንቅላቴ አልፈጠርኩትም። ብታምኑም ባታምኑም ደርሶብኛል... የምጽፈው በሰው ስልክ ስለሆነ ቶሎ ልጨርስ።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እንጅባራ፣ ቤታችን፣ ከጓሮ በኩል ያለችው የኔ ክፍል።

ጠዋት የጀመረው ዝናብ አላባራም። ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የሥራ ቃለ መጠይቅ እጠብቃለሁ።

ቀጣሪው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። በሰው የባንክ ካርድ የሚያጭበረብሩትን የሚይዝ ሲስተም አለው፤ ለሱ ሲኒየር የሶፍትዌር ኢንጂነር ይፈልጋል። ከቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል።

ለኔ ዋናው ይቺ ናት... ከቤት ሆኖ።

አባቴ ሙሐመድሰዒድ አምና ካረፈ ወዲህ እናቴ ራሂማ ከኔ ሌላ ሰው የላትም። ይሄን ሥራ ካጣሁ አዲስ አበባ ሄጄ ልፈልግ ነው፤ እሷም በዚህ ብርድ ብቻዋን ልትቀር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የአባቴን ሞት ለባንክ አልነገርንም። ወራሽነት ምናምን እየተባለ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ብለን ዝም አልን። ካርዱን እኔ ያዝኩት፤ የሚስጥር ቁጥሩን ስለማውቅ ለቤት የሚያስፈልገውን አወጣለሁ። በኛ ከተማ ይሄን የማያደርግ ቤተሰብ ካለ አሳዩኝ።

አባቴ ኤቲኤም ላይ ሲቆም ሰልፈኛውን ያስመርር ነበር። ሁለት ቁጥር ይነካል... ይቆማል... "ቢስሚላህ" ይላል... የቀሩትን ሁለት ይነካል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ በሀፍረት መሬት መሬት አያለሁ።

ጥሪው ገባ።

ጠያቂዋ "እንቁ እባላለሁ" አለችኝ። ካሜራዋ ጠፍቷል። የምታወራው በሹክሹክታ ነው፤ አጠገቧ የተኛ ሰው ያለ ይመስላል።

"የአንድ ካርድ መረጃ ልኬልሃለሁ። ሁለት ሰው ይጠቀምበታል። አንደኛው ባለቤቱ ነው። ሌላውን ለይና አግደው።"

ስሙም የካርዱ ቁጥርም ተሸፍኗል። የሚታየው እያንዳንዱ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን መቼና በምን ፍጥነት እንደነካ ነው። አንደኛው ዝናብ እንደሚሸሽ ሰው ይጣደፋል፤ የጀመረው ደግሞ አምና ነው። ሌላኛው ቀርፋፋ ነው፤ ካርዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አለ።

ፈተና ተብሎ ይሄ ነው እንዴ ብዬ ፈገግ አልኩ።

"ከመጀመሪያው የነበረው እጅ የባለቤቱ ነው። አምና የመጣው ሌባ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"አግደው።"

አገድኩት።

"ሥራው ያንተ ነው" አለች።

በደስታ እናቴን ልጠራ አፌን ስከፍት ዓይኔ እንደገና ስክሪኑ ላይ አረፈ። ቀርፋፋው እጅ...

ሁለት ቁጥር ይነካል። ይቆማል። ሁለት ይነካል።

አባቴ ካረፈ በኋላም አላቋረጠም። የመጨረሻው የዛሬ ነው። ጠቅ ሳደርገው ቦታው ወጣ። እንጅባራ፣ መናኸሪያው አጠገብ።

"ይሄ ካርድ... የማን ነው?"

"ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው ያመለከቱት። ጠዋት እዚያው እንጅባራ ባንኩ ድረስ በአካል መጥተው። ካርዴን ሌላ ሰው ይዞታል አሉ።"

"ምን ዓይነት ሰው ናቸው?"

ከባንኩ የመጣውን ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

"ሽማግሌ። ጋቢያቸው በውሃ ርሷል። ሲናገሩ መሀል ላይ ይቆማሉ።"

"እገዳውን አንሺው። እባክሽ።"

"ያገድከው ካርዱን አይደለም እኮ ሙስዐብ" አለች ቀስ ብላ። "ሰውየውን ነው።"

ጥሪው ተቋረጠ።

ስልኬን አነሳሁ። አሻራዬን አልቀበልም አለ። ሌላ ጣት ሞከርኩ... እሱንም አልተቀበለም።

በዝናቡ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ኤቲኤሙ ጋ ማንም የለም። አብሮ አደጌ መሳፍንት ባጃጁን አጠገቤ አቆመ።

"የት ላድርስዎት?" አለኝ።

መሳፍንት እኔን አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

"እኔ ነኝ እኮ" አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝ።

"ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም።"

ወደ ቤት ተመለስኩ። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

"ማነው?" የእናቴ ድምፅ ነው።

"እኔ ነኝ እማዬ። ሙስዐብ።"

እግሯ ወደ በሩ ሲቀርብ ሰማሁ።

"የማንን ቤት ፈልገህ ነው ልጄ?" አለች። "እዚህ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።"

ወደ በሩ ስንጥቅ ዓይኔን አስጠጋሁ። ገመዱ ላይ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጋቢ ተሰቅሏል። ከቀብሩ በኋላ በሶደቃ የሰጠነው የአባቴ ጋቢ ነው። ውሃው ይንጠባጠባል።

እናቴ ከውስጥ ለሆነ ሰው አንድ ነገር አለችና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ብቻዋን እንዳትቀር ነበር የፈለግኩት... ብቻዋን አይደለችም።

ከዚያ ስንጥቁ ጨለመ። በወዲያ በኩል አንድ ሰው መጥቶ ቆሟል። ጣቱ የበሩን ብረት ሁለት ጊዜ ነካ...

ቆመ።

እኔም ትንፋሼን ይዤ የቀሩትን ሁለት ጠበቅኩ።