በሰው ፊት የተሞላ ቅጽ

ወጌሻውን የሰደበው የቡድኑ አሰልጣኝ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ተጫዋች ጫማውን እያሰረ። «አንተ እግር እሽ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ስለ ቅጽ አያስተምረኝም። ሳትጠየቅ አትናገር።» ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን ጥርሱን ብቻ ብልጭ እንዳደረገ ወጌሻው ዛሬም አይጠፋውም።

ጥፋቱ ምን ነበር? ቅጹ የክለቡ ሐኪም ያዘጋጀው ነው። ተጫዋቹ ለገዛ ጉልበቱ ከዜሮ እስከ አስር ነጥብ ይሰጣል፤ ዜሮ ጭራሽ አልችልም፣ አስር ምንም አያመኝም ማለት ነው፤ ደረጃ ሲወርድ፣ ቁጢጥ ሲል፣ እየሮጠ ድንገት ሲዞር። አሰልጣኙ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ጥያቄውን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ በሁሉ ፊት እያስመለሰ፣ ራሱ ይሞላዋል። ወጌሻው «ለየብቻቸው ይሙሉት፤ ሰው በጓደኛው ፊት አመመኝ አይልም» አለ። ያ ነው ጥፋቱ።

ዘንድሮ፣ ፌንጣ የሚሉት የክንፍ ተጫዋች ጉልበቱ አበጠ።

«ቁጢጥ ማለት?» አለ አሰልጣኙ እስክሪብቶውን ይዞ።

«አስር፣ ኮች።»

«ደረጃ መውረድ?»

«አዝለን እናውርደው እንዴ?» አለ በረኛው። ሁሉም ሳቁ።

«አስር» አለ ፌንጣ፣ አብሮ እየሳቀ።

ከልምምድ በኋላ መታሻው አልጋ ላይ ተጋድሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳው። እኔ አፈርኩ፤ እርስዎ ለሐኪሙ ሹክ ይበሉልኝ።»

«እሺ» አለ ወጌሻው። አልነገረም። ሳትጠየቅ አትናገር ተብሏላ። አሰልጣኙ የሚዋረድበትን ቀን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ያ ቀን በገዛ እግሩ፣ እያነከሰ ሲመጣ ታየው። ደግሞስ ፌንጣ ያኔ ስቆ የለም?

ቅዳሜ በሠላሳኛው ደቂቃ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፌንጣ ሊዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው። ጅማቱ ተበጥሷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ኳስ እንደማይጫወት ቁርጡን ነገረው። የክለቡ ኃላፊዎች ሲጠይቁ አሰልጣኙ ቅጹን አውጥቶ ዘረጋ፤ «ይኸው፣ ሁሉም አስር ነው። በራሱ አፍ የተናገረው።» አመስግነውት ወጡ።

ወገኖቼ፣ ሕመምተኛን በሰው ፊት አቁሞ ደህና ነህ ማለት መጠየቅ አይደለም፤ ዋሽ ብሎ ማዘዝ ነው። ብቻውን፣ ሳያፍር፣ ሳይፈራ ይመልስ። እውነቱን አውቆ ዝም ያለው ደግሞ እጄ ንጹሕ ነው አይበል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ በሽተኛ ማሸትም ያው ነው። ቂመኛ የሚጠላውን ሲስት የሚመታው እሱን ያመነውን ነው።

ወጌሻው ሆስፒታል ሄደ። የፌንጣ እናት ወንበር አቀረበችለትና «ከክለቡ የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ፌንጣ ከትራሱ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ለሐኪሙ ነግረውት ነበር?»

ወጌሻው የታሰረውን እግር አየ፤ እናትየውን አየ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው መልሶ ወጣ።