ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት

ባንችይርጋ ስልኩን ያነሳችው ካቻቢቴዋን በጥርሷ እንደያዘች ነበር።

«እትዬ ባንቺ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አልሰጥ አለኝ» አለች የደወለችው ሴት። «ነገ ቀብር ነው። አገር ቤት ያሉት በኢንተርኔት ስለሚከታተሉ ፎቶ ላኪ ተብያለሁ። ያቺ ደመና የምትመስለው ምልክት ቀይ ሆና ቆማለች።»

«የማን ቀብር ነው?»

«የስዩም። የባለቤቴ።»

ባንችይርጋ ካቻቢቴውን ከአፏ አወጣች። በዚያ ሰኔ ለቀብር ፎቶ ስትጠራ ይህ አራተኛዋ ነው። የኮቪድ ሦስተኛው ማዕበል ጆሃንስበርግን አድክሟታል፤ ሆስፒታል አልጋ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ ኦክስጅን ተከራይቶ ይተኛል። እሷም ደክሟታል። ጄፒ መንገድ ላይ ያለችውን ጠባብ የጥገና ሱቋን ቆልፋ፣ ሁለት ማስክ ደርባ፣ በሁለት ታክሲ ከከተማው ውጭ ጻካኔ ሰፈር ደረሰች።

አገር ቤት ሳለች አሥራ አንድ ዓመት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተጠርጣሪ ቃል በታይፕ ስትጽፍ ኖራለች። ሰው ሲዋሽ ከጆሮዬ በፊት ጣቶቼ ያውቁታል ትላለች። ኮምፒውተር መጠገን የጀመረችው እዚህ ከመጣች ወዲህ ነው።

ስፓዛው፣ ባልና ሚስቱ የሚሠሩበት የሰፈር ሱቅ፣ ተዘግቷል። የደወለችው መሰረት ከኋላ ወዳለው ክፍል አስገባቻት። አልጋው ባዶ ነው። ራስጌው አጠገብ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል። ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ግን ከበሩ ሥር ነው፤ ረጅም ቱቦው ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ይህ ለምን እዚህ ራቀ?»

«ድምፁ እንቅልፍ ይነሳዋል ብለን ነው።»

መሰረት ወንበር ላይ ወጥታ ላፕቶፑን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። «ታሞም ሥራ አልተው ሲል ሰቀልኩበት። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር።»

ባንችይርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እስኪነሳ ድረስ ጠየቀች፦

«እንዴት ሞተ?»

መሰረት ደጋግማ ያወራችው ነገር ስለሆነ ድምጿ ደርቋል። «ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው። እሑድ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ሎድሼዲንግ፣ በፈረቃ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ እንደሆነ እናውቅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዙሮ መክፈት ነው። መክፈቻዋን በቀይ ክር ራስጌው ላይ አስሬለት ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ያገኛታል። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ሰዓት ላይ ብራክፓን ከተማ ሄድኩ። የወንድሙ ልጅ ኤልያብ ከአራት በፊት ይደርሳል ተባብለን ነበር፣ ታክሲው አዘገየው። የኋላውን በር ለእሱ ብዬ ክፍት ትቼለት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሲገባ ስዩም በሕይወት የለም።»

«መክፈቻዋስ?»

«የለችም። ሳላውቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻት ታክሲ ላይ የጣልኳት ይመስለኛል።»

«ስትከቻት ትዝ ይልሻል?»

«አይለኝም። ግን ሌላ ማን ይወስዳታል? እኔ ነኝ የገደልኩት። ነገ መቃብሩ ላይ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ወንድሞቹም ከእኔ አፍ ይስሙት።»

ባንችይርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ዋይፋዩን አየች፤ ይሠራል። ሰዓቱ ልክ ነው። ቦታም አልሞላም። ቀዩን ምልክት ስትነካው ኮምፒውተሩ የቆመበትን ነገር አወጣ፤ አንድ ሰነድ ሁለት ቅጂ ሆኖበት፣ የትኛውን ላስቀር ብሎ እየጠበቀ ነው። ፎቶዎቹ ከእሱ ኋላ ተሰልፈዋል።

ሰነዱ የበር መዝገብ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ሰው ከሃምሳ እንዳይበልጥ፣ ስሙና የሰውነቱ ሙቀት እንዲጻፍ የታዘዘ ጊዜ ነበር። አንደኛው ቅጂ እሑድ 10:12 ከአንዲት ሴት ስልክ ተቀምጧል። ሁለተኛው እሑድ 10:19 ከዚሁ ላፕቶፕ። በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ መሆኑ ነው።

«መሰረት፣ እሑድ በዚህ ኮምፒውተር ማን ሠራ?»

«ማን ይሠራል? እሱ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር እኮ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር። ራውተሩ ሲሞት ላፕቶፑ በባትሪው ቆየ። አንድ ሰው ጽፎ አስቀመጠ። በኢንተርኔት ወዳለው ማከማቻ፣ ወደ ክላውዱ፣ መሄድ ስላልቻለ እዚሁ ቀረ። መብራት ሲመጣ ሊሄድ ሲል ሌላ ቅጂ ቀድሞት አገኘ።»

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጋ መስመር በመስመር ወረደች። ስልኩ ላይ ያለው የእሑድ ሰዎች ተጨምረውበታል። ላፕቶፑ ላይ ያለው የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በነበረው እሑድ፣ ሰባተኛው መስመር፣ 38.4 የነበረው 36.4 ሆኗል። ባንችይርጋ መሰረት እንዳታየው ስሙን በአውራ ጣቷ ሸፈነች።

«ለለቅሶ የሚመጡትን ሁሉ አናግራቸዋለሁ» አለች። «አንቺ ነገ ስለምትናገሪው ለማንም አትንገሪ።»

መጀመሪያ የመጣችው ፍሬገነት ናት፤ የመዘምራን አባል፣ የበሩን መዝገብ በስልኳ የምትሞላ። የሳምቡሳ ሳህን አስቀምጣ ሳትጠየቅ ማውራት ጀመረች።

«ባንቺዬ፣ ያ መዝገብ ጉድ አምጥቷል። የጤና ሰዎች ሰኞ ይፈልጉታል ተብሎ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረው እሑድ በኋላ አሥራ አንድ ሰው ታመመ፣ ሁለት እናቶች ሞቱ። ስዩምም ያኔ ነው የያዘው።»

«የዚያን ዕለት በር ላይ ማን ነበር?»

«ራሱ ስዩም።»

ባንችይርጋ የመዝገቡን የለውጥ ታሪክ ከፍታ ስክሪኑን አዞረችላት። «ያለፈው እሑድ የሽማግሌዎቹ ስም የገባው ቅዳሜ ማታ ነው። ሁሉም 36.5። ሰው ሳይመጣ ሙቀቱ ተለካ?»

ፍሬገነት ማስኳን ወደ ላይ ሳበች። «ይኸውልሽ... ሽማግሌ ግንባር ላይ ያንን የሙቀት መለኪያ መደቀን ይከብደኛል። ሽጉጥ ነው የሚመስለው። ቀድሜ እሞላላቸዋለሁ። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነው።»

«ስዩምስ?»

«እሱማ ፓስተሩንም ይለካል። በዚህ እንጣላ ነበር።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በዚህ ነበር የምንጣላው።»

ኤልያብ ሻይ ይዞ ገባ። ጆሃንስበርግ የተወለደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከእሑድ ወዲህ አልተኛም።

«አንቲ፣ አይ ስዌር፣ እምላለሁ፣ ታክሲው ጎማው ፈነዳ። ሁሉም እኔን ነው የሚያየኝ።»

«እኔ ማሽኑን ነው የማየው። ስትደርስ ይጮህ ነበር?»

«ኖ። ጸጥ ብሏል።»

«መብራት ሲጠፋበት እኮ ይጮሃል። ስድስት ተኩል መብራት ሲመጣስ ተነሳ?»

ኤልያብ አሰበ። «ኤይሽ... አልተነሳም። ፍሪጁ ተነሳ፣ እሱ ግን አልተነሳም።»

ባንችይርጋ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ማብሪያ አየች። ጠፍቷል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሽጉጤ መጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ስዩምን ከሆሳዕና ከተማ ያስመጡትና መጀመሪያ ሥራ ያስገቡት ሰው። ካፖርታቸውን አላወለቁም።

«እህቴ፣ ያ ኮምፒውተር እንቢ ካለ ይቅር። ሰው በጸሎትም ይቀበራል።»

«እየጨረስኩ ነው ጋሼ። እሑድ ጠዋት ስዩምን አይተውት ነበር?»

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። መዝገብ አለ፣ እዩት።»

«አይቼዋለሁ» አለች ባንችይርጋ። «ይቀመጡ። ሁላችሁም ተቀመጡ።»

በሩን ለአየር ክፍት አድርጋ አራቱን አስቀመጠቻቸው። የጻካኔ ብርድ በእግራቸው መሀል ይገባል። እሷ ጉልበቷን እያሸች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የመጣሁት ፎቶ ላወርድ ነው» አለች። «ኮምፒውተሩ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ለእናንተም ልጠይቃችሁ። እሑድ መብራት ከጠፋ በኋላ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ነበር። በምን አወቅሁ? ማሽኑ ሲጮህ አንድ ሰው አጥፍቶታል፤ ለዚህ ነው መብራት ሲመጣ ያልተነሳው። ስዩም እስከ በሩ መሄድ አይችልም። ያው ሰው ላፕቶፑን ከቁም ሳጥን አናት አውርዶ፣ ጽፎ፣ መልሶ ሰቅሎታል። ስዩም ለዚያም አቅም የለውም።»

ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«የተጻፈው አንድ ቁጥር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ትኩሳት ይዞ የገባ ሰው ትኩሳቱ እንዲጠፋለት ፈልጓል። ኤልያብ፣ አንተ መዝገቡ ውስጥ የለህበትም።»

«ቸርች አልሄድማ» አለ ኤልያብ፣ እንደ ጥፋት።

«ፍሬገነት በዚያው ሰዓት በር ላይ ቆማ ስም ታስገባ ነበር። የመሰረትን ስምም ሰባተኛው መስመር ላይ አላገኘሁም። ሰባተኛው መስመር የእርስዎ ነው ጋሽ ሽጉጤ። 38.4።»

«እኔ ከሦስት ሰዓት...»

«ስምዎ ነው ከሦስት ሰዓት የነበረው። ፍሬገነት ቅዳሜ ማታ ሞልታዎታለች፣ ለአክብሮት። በዚያ መዝገብ ላይ የእርስዎ እውነተኛ ሙቀት የተጻፈው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስዩም በር ላይ በቆመበት ቀን። ፍሬገነት፣ እሑድ በዓይንሽ ያየሻቸው መቼ ነው?»

ፍሬገነት ወደ ሽጉጤ አየች። «የመዝጊያ ጸሎት ሲያደርጉ... ከአምስት ተኩል በኋላ።»

ሽጉጤ መሬት መሬት አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጉንፋን መስሎኝ ነበር። አትግባ ቢለኝ እመለስ ነበር። ጽፎ አሳለፈኝ፤ እሱም ሊከለክለኝ አፍሮ ነው። ከዚያ እነዚያ እናቶች ሞቱ። አንድ ቁጥር ቀይርልኝ ብዬ መጣሁ፣ አልቀይርም አለ። መብራቱ ጠፋ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ አጠፋሁት። እጁን ወደ መክፈቻዋ ሲዘረጋ ቀደምኩት። የይለፍ ቃሉን ንገረኝና እከፍትልሃለሁ አልኩት።» ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። «ነገረኝ። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ዘገየ። ጨርሼ ዞር ስል...»

«ኔት ስለሌለ ማንም አያውቅም ብለው አሰቡ» አለች ባንችይርጋ።

«ስለ ኔት አላሰብኩም ልጄ። ያሰብኩት ስለ ስሜ ነው።»

እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ቀይ ክር የታሰረባትን ትንሽ ብረት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጥላት አልሆነልኝም።»

ኤልያብ ፖሊስ ለመጥራት ስልኩን ይዞ ወጣ። ሽጉጤ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

መሰረት ክሯን አነሳች። ወደ ሲሊንደሩ ሄዳ መክፈቻዋን ገጠመችና አዞረች። ክፍሉን ቀጭን የአየር ፉጨት ሞላው። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«ሙሉ ነው» አለች። «ቦርሳዬ ውስጥ አልነበረችም።»

«አልነበረችም።»

መሰረት ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ባንችይርጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረች።

«ኮምፒውተሩ አሁንም እየጠበቀ ነው። የላፕቶፑን ቅጂ ለፖሊስ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። መዝገቡ ላይ የትኛው ይቅር?»

«እሱ የለካው።»

ባንችይርጋ ተጫነችው። ቀዩ ምልክት ጠፋ፣ አረንጓዴ መጣ። ከኋላ ተሰልፈው የነበሩት ፎቶዎች አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። የመጀመሪያው ስዩም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆመበት ነው፤ ማስኩ ከአፍንጫው ወርዶ፣ የሙቀት መለኪያውን ፎቶ በሚያነሳው ሰው ግንባር ላይ ደቅኖ።