ብቻዋን እንዳትሰማ

«የስልክ ካርዴን አየሽው? አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች መቅደስ መጻሕፍቷን እያገላበጠች።

ጸዮን አይታዋለች። ካርዱ ያለው በራሷ ኪስ ውስጥ ነው።

«ኖ» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ። ውጭ በረዶው ይወርዳል።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ጸዮን ከሰፈራቸው ከፍሌሚንግደን ፓርክ ምግብ ይዛ በአውቶቡስ ወደ እህቷ ኮሌጅ ስትመጣ፣ እናታቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቀቻት፦ ዝም በይ። እትዬ ዓለምሸት፣ የእናታቸው ታላቅ እህት፣ አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል። እናታቸው በሱዳን በኩል ስትሰደድ መቅደስን ተቀብለው እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ካናዳ የተወለደችው ጸዮን የምታውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነው።

የሰፈሩ ሐበሾች አዛውንት ጋሽ ሀብተማርያምና የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መክረው ጨርሰዋል። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ቅዳሜ ሲነጋጋ ተሰብስበን እናረዳታለን። «የለፋችበት ሁሉ ገደል ይግባ?» አሉ። ጸዮንም ሆድ ይፍጀው ብላ ልትችለው ሞከረች።

«የነገው ከባድ ነው» አለች መቅደስ አልጋው ሥር እያየች። «ደግሞ ፈተናው እዚህ አይደለም፣ ከመንገዱ ማዶ ነው።» አራት ሚጢጢ ኮሌጆች ተጣምረው መምህርም ቤተ መጻሕፍትም ይዋሳሉ፤ አንዱ የሌለውን ትምህርት ሌላው ያስተምራል። የአንዷ ተማሪ ጉንፋን እንኳ ለአራቱም ኮሌጅ ይዳረሳል። «የእትዬን ምርቃት ሳልሰማ ፈተና ገብቼ አላውቅም። ‹ሞገስ ይስጥሽ› ሲሉኝ እኮ እጄ መንቀጥቀጡን ይተዋል።»

«ሜይቢ ተኝተው ይሆናል።»

«እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን እዚያ ገና ማታ ሁለት ሰዓት አይደል? ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ። ይኼኔ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው።»

ጸዮን ኪሷ ውስጥ ያለውን ካርድ ጨበጠችው። ዓምና እናታቸው የወንድሟን መርዶ የሰማች ዕለት ትዝ አላት። ገና ሳይነጋ ቤቱ በሰው ሞላ። እናቷ ራሷን ልትጥል ስትል የያዟት ብዙ እጆች ነበሩ። አሁን ግን መቅደስ ከደወለች ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ አጠገብ ቆማ፣ ብቻዋን፣ እዚያ ስልኩን ከሚያነሣ ከማታውቀው ሰው አፍ ልትሰማ ነው። ካልደወለችም ቅዳሜ ሁሉንም ስታውቅ ካርዱ በማን ኪስ እንደነበር መጠየቋ አይቀርም።

«በቃ፣ ወርጄ ሌላ ልግዛ» አለች መቅደስ ኮቷን አንሥታ።

«ቆይ» አለች ጸዮን። ካርዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ቁጭ በይ። የትም አትሂጂ።»

መቅደስ ካርዱን አየች፤ ከዚያ የእህቷን ፊት። ጸዮን እንዲህ በአማርኛ ብቻ አናግራት አታውቅም።

«ምን ሆነሻል? ማሚ አሟታል እንዴ?»

«ማሚ ደህና ናት። መጣሁ፣ አሁን እመለሳለሁ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጋሽ ሀብተማርያም ይቆጧታል፤ እናቷም ትቀየማታለች። ፈተናውም ምናልባት ይበላሽ ይሆናል። ጎን ያለውን በር አንኳኳች። ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ልጅ ከፈተችላት።

«እባክሽ» አለቻት ጸዮን በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፤ «መጥተሽ እህቴ አጠገብ ተቀመጪልኝ። የምነግራት ነገር አለ። ብቻዋን መስማት የለባትም።»

ልጅቷ ምንም ሳትጠይቅ ጫማዋን ፈለገች። ጸዮን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳች።